የቡና አድርቅና የቋቁቻ ዝምድና

ሥራ በጀመርኩበት ቀን የተሰጠኝ የመጀመሪያ ሥራ ድንች መላጥ ነበር።

ቴፒ አጠገብ ባለ አንድ የእፅዋት በሽታ ላቦራቶሪ በረዳት ቴክኒሻንነት ተቀጥሬ፣ አዲስ ጫማ አድርጌ፣ ፀጉሬን ተተኩሼ ከሸዋ ቤንች መጣሁ። ኃላፊዬ ዶክተር ፍሰሐ መጀመሪያ ነጭ ጋዋን ሰጡኝ። ቀጥለው ቢላዋና አንድ ፌስታል ድንች ሰጡኝና ልጬ፣ ከትፌ እንድቀቅል አዘዙኝ። ሳይንስ ልሠራ መጥቼ የሰው ምሳ ላበስል ነው ብዬ ተናደድኩ፤ ግን የመጀመሪያ ቀኔ ስለሆነ ድንቹን ላጥኩ። ውሃው መፍላት ሲጀምር ጨው የት እንዳለ ጠየቅኳቸው።

ዶክተር ፍሰሐ አልሳቁም። በሥራ ሰዓት አይስቁም ነበር። ድንቹ ለእሳቸው ሳይሆን ለፈንገስ መሆኑን ረጋ ብለው አስረዱኝ። የተቀቀለበት ውሃ ይጠለላል። ስኳርና አጋር የሚባል የሚያረጋ ዱቄት ይጨመርበታል። ጀርም በሚገድለው የማምከኛ ድስት በግፊት ይበስልና በክብ የመስታወት ሳህን ላይ ይፈስሳል። ሲረጋ፣ ከታመመ ተክል የተወሰደ ቁራጭ ይቀመጥበትና ፈንገሱ እዚያ ላይ ያድጋል። ድንቹስ ምን ይሆናል አልኳቸው። ይጣላል አሉኝ።

እኔ የገበሬ ልጅ ነኝ፤ ድንች አይጣልም። ከዚያን ቀን ጀምሮ ውሃውን ለፈንገሱ እየሰጠን ድንቹን ራሳችን በላነው። ጡረታ እስክወጣ ድረስ የዚያ ላቦራቶሪ ሠራተኛ ድንች ከገበያ የገዛ አይመስለኝም።

ከረዳትነት ወደ ቴክኒሻን፣ ከቴክኒሻን ወደ ከፍተኛ ቴክኒሻን ያደግኩት በዶክተር ፍሰሐ ሥር ነው። ደግ ሰው ነበሩ። አንድ ጠባይ ግን ነበራቸው፤ እውነትን በግማሹ መናገር አይችሉም። እንዴት አደሩ ሲባሉ ደህና ነኝ ይሉና «ነገር ግን» ብለው ስለ ግራ ጉልበታቸው ከሎሚው እስከ ጅማቱ ያስረዱ ነበር። የቸኮለ ሰው ሰላምታውን ሸሽቶ በሌላ በር ይገባ ነበር።

ዋናው ሥራችን የቡና አድርቅ የሚባለው በሽታ ነበር። ቡናው አንድ ጎኑ ይጠወልጋል፤ ቅጠሉ ይረግፋል፤ ከዚያ ዛፉ በሙሉ ቆሞ ይደርቃል። ከግንዱ ሥር ቅርፊቱን በቢላዋ ፋቅ ስታደርጉት እንጨቱ ጠቁሮ ታገኙታላችሁ። ከጠቆረው ቆርጠን በአልኮል እናጥበዋለን፤ በተለበለበ መቆንጠጫ አንስተን ድንቹ ሳህን ላይ እናስቀምጠዋለን። ከቀናት በኋላ ነጭ ጥጥ የመሰለ ነገር ይበቅላል። በማይክሮስኮፕ ስታዩት የዘር ብናኞቹ እንደ ግማሽ ጨረቃ ጎበጥ ያሉ ናቸው። ስሙ ፉዛሪየም ይባላል። መድኃኒት የለውም። የደረቀውን ዛፍ ነቅሎ እዚያው ማቃጠል ነው። ከሁሉ በላይ ደግሞ አረም ሲመነጠር ግንዱን በገጀራ አለማቁሰል ነው፤ ፈንገሱ የሚገባው በቁስሉ ነው፤ ገጀራውም ከታመመው ወደ ጤነኛው ይዞት ይሄዳል።

ይህን ሁሉ የምነግራችሁ ይህችን የመጨረሻዋን ነጥብ አቶ ይልማ ስላልሰሟት ነው።

አቶ ይልማ ከሚዛን ወደ ቴፒ በሚወስደው መንገድ ዳር የሚኖሩ ቡና ገበሬ ናቸው። አባታቸው ከጎጃም የመጡ ስለሆኑ በአንዳንድ ነገር ጠንካራ ናቸው፤ በተለይ በዘር ቆጠራ። ልጃቸውን ትዕግሥትን እዚያው ሰፈር ያለ ትምህርት ቤት ሒሳብ የሚያስተምረው መምህር አዳነ ለትዳር ሲጠይቃት፣ የሁለቱን ወገን ሽማግሌዎች ሰብስበው ሰባት ቤት አስቆጠሩ። አያትና ቅድመ አያት ተነሥተው፣ ሙታን ሁሉ ተጠርተው፣ ልጆቹ እንደማይዛመዱ ሲረጋገጥ ሠርጉ ከቡና ለቀማ በኋላ እንዲሆን ተቆረጠ።

በዚያው ሰሞን እኛ ለገበሬዎች ሥልጠና ልንሰጥ ወደ ትምህርት ቤቱ ሄድን። ዶክተር ፍሰሐ ያስተምራሉ፤ እኔ ቤንችኛ ለሚቀናቸው አስተረጉማለሁ። ዶክተሩ ከሥር መሠረቱ ጀመሩ። ፈንገስ ተክልም እንስሳም አይደለም አሉ። እንጉዳይም፣ የጠላው እርሾም፣ በዳቦ ላይ የሚወጣው ሻጋታም ፈንገስ ነው አሉ። ሰው በጣም ተደሰተ። አንዲት ሴት እጇን አውጥታ የሰው ቋቁቻስ ብላ ጠየቀች። ዶክተሩ ጥያቄው ደስ አሰኛቸው።

«ቋቁቻም ፈንገስ ነው። ከቡና አድርቅ ጋር የአንድ ቤት ልጆች ናቸው» አሉ።

እኔ ወደ ቤንችኛ ስመልሰው ዝምድናው ትንሽ ሳይቀርብ አልቀረም። መምህር አዳነ በር አጠገብ ቆሞ ነበር። ከጆሮው ሥር እስከ ትከሻው ድረስ ነጣ ነጣ ያለ ቋቁቻ አለበት። መጀመሪያ ዞረው ያዩት ተማሪዎቹ ናቸው፤ ከዚያ ወላጆቻቸው፤ በመጨረሻ አቶ ይልማ። አቶ ይልማ አንገቱን ለረጅም ጊዜ አዩ። የእሳቸው ቡና መድረቅ የጀመረው ልጁ ቤታቸው መመላለስ በጀመረበት ሰሞን ነበር።

ስለ ገጀራው የተነገረው በመጨረሻ ላይ ነው። ያን ጊዜ ለስላሳ መታደል ተጀምሮ ስለነበር ሰው ሁሉ ዓይኑ ሳጥኑ ላይ ነበር። እስከ መጨረሻው የሰሙት የአቶ ይልማ ባለቤት ወይዘሮ ዘነበች ብቻ ናቸው፤ ለስላሳ ሆዴን ይነፋኛል ስለሚሉ አይጠጡም።

በማግስቱ አቶ ይልማ አማቻቸው ሊሆን የተቃረበውን ልጅ መንገድ ዳር አስቁመው፣ አንገቱ እስኪድን ድረስ ቡናው ውስጥ እንዳይገባ ከለከሉት። ቤታቸው ደግሞ ያለው ቡናው መሃል ነው። ስለዚህ ልጁ እጮኛውን የሚያያት በአጥር ላይ ሆነ፤ እሷ ከውስጥ፣ እሱ ከመንገድ። ጭነት መኪና ባለፈ ቁጥር ወሬያቸው ይቋረጣል። ወሬው ሰፈሩን ሲያዳርስ የልጁ ወላጆች ተቀየሙ፤ ልጃችንን ሻጋታ አለበት ብለው አዋረዱት አሉ። ሠርጉ ቆመ። መምህር አዳነ አንገቱን በሻርፕ ሸፍኖ ቴፒ ድረስ መጣና፣ ነገሩ ካልተስተካከለ ሩቅ ወዳለችው ቱም ከተማ ዝውውር እንደሚጠይቅ ነገረኝ። እዚያ አንገቱን የሚያውቅ የለም።

ከእሱ ቀጥለው ወይዘሮ ዘነበች መጡ። ላቦራቶሪው በር ላይ ቆመው ፈንገስን ከፈንገስ ያዛመደው ሰው የቱ ነው ብለው ጠየቁ። ዶክተር ፍሰሐ እኔ ነኝ አሉ። ወይዘሮዋ ያዛመደ ሰው መጥቶ ያፋታ አሉ። መኪና አስነሥተን ሄድን።

ልጁ መግባት ስለተከለከለ ስብሰባው መንገድ ዳር ሆነ። አቶ ይልማ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ልጁ ራቅ ብሎ ቆመ። ዶክተሩ በሽታዎቹ የተለያዩ መሆናቸውን ሊያስረዱ ሲጀምሩ አቶ ይልማ አቋረጧቸው።

«ዶክተር፣ ልጆቹን ለማጋባት ሰባት ቤት አስቆጥሬያለሁ። የእነዚህን የሁለቱን በሽታ ዘር ግን የቆጠረልኝ የለም። ይቆጠርልኝ።»

ዶክተር ፍሰሐን በሥራ ዘመናቸው እንዲህ ያለ ጥያቄ የጠየቃቸው ሰው አልነበረም። ፊታቸው በራ። እንጨት አንስተው አፈሩ ላይ ሁለት መሰላል ሣሉ፤ አንዱ ለቡና አድርቅ፣ አንዱ ለቋቁቻ። ሳይንስ ሕይወት ያለውን ሁሉ በደረጃ እንደሚመድብ ነገሯቸው፤ ዝርያ፣ ወገን፣ አስተኔ፣ ክፍለመደብ፣ መደብ፣ ክፍለስፍን፣ ስፍን። አቶ ይልማ በጣታቸው ቆጠሩና ሰባት መሆኑን ሲያዩ ቀና ብለው ተቀመጡ። ሳይንስ እስከዚህ ድረስ ሥርዓት ያለው አልመሰላቸውም ነበር።

ቆጠራው ተጀመረ። በዝርያ ይለያያሉ። በወገን ይለያያሉ፤ አንዱ ፉዛሪየም፣ አንዱ ማላሴዚያ ነው። በአስተኔ፣ በክፍለመደብ፣ በመደብም አይገናኙም። በስድስተኛው፣ በክፍለስፍን፣ የቡናው ዘሩን በከረጢት ከሚይዙት ፈንገሶች ይመደባል፤ የቋቁቻው ደግሞ ከነእንጉዳይ ጋር ነው። የሚገናኙት በሰባተኛው፣ በስፍን ላይ ብቻ ነው፤ ሁለቱም ፈንገስ ስለሆኑ። በዚያ ሒሳብማ ሰውና ቁንጫም ስፍን ላይ ይገናኛሉ አሉ ዶክተሩ፤ ሁለቱም እንስሳ ናቸው።

አቶ ይልማ አሰቡ። ከቁንጫ ጋር ዘመድ መባል አልፈለጉም። ሰባተኛው ቤት ላይ የተገናኘ እንደ ባዳ ሊቆጠር እንደሚችል ማጉረምረም ጀመሩ። ወይዘሮ ዘነበች ተነሥተው ቀሚሳቸውን አራገፉ። መምህር አዳነ አንድ እርምጃ ወደ አጥሩ ቀረበ።

«ነገር ግን» አሉ ዶክተር ፍሰሐ።

እኔ ክንዳቸውን ያዝኩ፤ አልሆነም። በዘመኑ ሊቃውንት ዘንድ በስድስተኛውና በሰባተኛው መካከል ንዑስ ስፍን የሚባል ደረጃ እንዳለ፣ የባለ ከረጢቶቹና የእንጉዳዮቹ ጎራ እዚያ ላይ አንድ እንደሚሆኑ፣ ይህን ሳይናገሩ ቢቀሩ ሙያቸው እንደማይፈቅድ ገለጹ። መሰላሉ ላይም አንድ ትንሽ እርከን ጨመሩ።

አቶ ይልማ ትንሿን እርከን አይተው ከድንጋያቸው ተነሡ። «እንግዲያው ስድስት ቤት ተኩል ነው። አይበቃም» አሉና ወደ ቡናቸው ገቡ።

ከስብሰባው በፊት ግን ዶክተሩ ከልጁ አንገት በምላጭ ጀርባ ፍቀው ናሙና ወስደው ነበር። ሁለቱ በሽታዎች የሚበሉት የተለያየ መሆኑን በዓይናቸው እንዲያዩ አቶ ይልማን ላቦራቶሪ ልንጠራቸው ወሰንን። ቡና አድርቁን ድንች ላይ ዘራነው፤ ቋቁቻውን እኩሌታውን ድንች ላይ፣ እኩሌታውን ዘይት ያፈሰስንበት ሌላ ሳህን ላይ።

በቀጠሯቸው ቀን ባልና ሚስት ከፊት፣ መምህር አዳነ ከኋለኛው ወንበር ሆነው በሚኒባስ መጡ። ሳህኖቹን አሳየናቸው። የቡናው ድንቹ ላይ እንደ ጥጥ ተንሰራፍቷል። የቋቁቻው ድንቹን ንቆታል፤ ዘይት ያለበት ላይ ብቻ ወጥቷል። ዶክተሩ ይህ ፈንገስ የሚኖረው በሰው ቆዳ ቅባት ስለሆነ ቡና ግንድ ላይ ቢያርፍ በረሃብ ይሞታል አሉ። አቶ ይልማ ቡና ሲቆላ ዘይት እንደሚያወጣ አስታወሷቸው። ዶክተሩ እውነት ነው፣ ፍሬው ዘይት አለው አሉ። እኔ ወደ መስኮቱ ዞርኩ።

ቀጥሎ ማይክሮስኮፑ ነበር። ግልጽ ፕላስተር ልጁ አንገት ላይ ለጥፌ ላጥኩና ሰማያዊ ቀለም አንጠባጥቤ መስታወት ላይ አደረግኩት። ቋቁቻ በማይክሮስኮፕ ሲታይ የተቆራረጠ ፓስታ ከምስር ጋር የተደባለቀ ይመስላል። ክሩ ፓስታው ነው፤ ክብ ክቡ ምስሩ። አቶ ይልማ አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው አዩና ለባለቤታቸው ምሳ ሰዓት መድረሱን ነገሯቸው።

ወይዘሮ ዘነበች ግን ምሳ አላሰቡም። «የእሱንም አንገት እዩት» አሉ፣ ባላቸውን በአገጫቸው እያመለከቱ።

አቶ ይልማ ፈንገስ እንደሌለባቸው እርግጠኛ ስለነበሩ ኮሌታቸውን በኩራት ፈቱ። ለጠፍኩ፣ ላጥኩ፣ ቀለም አንጠባጠብኩ። ፓስታ የለም። ምስር ግን አለ፤ ጥቂት ክብ ክብ ነገሮች እዚህም እዚያም ተቀምጠዋል። ዶክተር ፍሰሐ ይህ ምንም እንዳልሆነ፣ ይህ እርሾ በጤነኛ አዋቂ ሁሉ ቆዳ ላይ እንደሚኖር፣ በእኔም በእሳቸውም ላይ እንዳለ፣ በሽታ የሚሆነው በሙቀትና በላብ ተመችቶት ክር ሲያወጣ ብቻ እንደሆነ በሚገባ አስረዱ። አቶ ይልማ የሰሙት ግን እርሾው እንዳለባቸው ብቻ ነበር። እንደተቀመጡ መስታወቷን ተመለከቱ።

«እኔም አለብኝ ማለት ነው» አሉ።

አቶ ይልማ ችኮ ናቸው እንጂ አድሎ አያውቁም። በልጁ ላይ የፈረዱትን በራሳቸው ላይ ፈረዱ። ያን ዕለት ቤታቸው አልገቡም። መንገድ ዳር ያለችውን ባዶ ሱቃቸውን አስጠርገው፣ ፍራሻቸውን፣ ጋቢያቸውንና ገጀራቸውን አስወጥተው እዚያው ሰፈሩ። ባለቤታቸው ለመኗቸው፤ ቄሱ መጥተው መከሯቸው። ቡናዬን አላስነካም አሉ። ምግባቸው በአጥር በኩል ይመጣላቸው ነበር።

መምህር አዳነ ከትምህርት ቤት ሲመለስ እንደ ልማዱ አጥሩ ጋ ሲመጣ አማቱን እዚያ አገኛቸው። የተከለከሉ ሁለት ሰዎች ምን ያደርጋሉ? በቆርኪ ዳማ መጫወት ጀመሩ። ልጁ የሒሳብ መምህር ነው፤ አቶ ይልማ ግን ደጋግመው አሸነፉት። ሆነ ብሎ እንደሚሸነፍላቸው የገባን ቆይቶ ነው። ስለ ቱም ዝውውር መናገሩንም ተወ።

በመሃሉ ልጁ ጤና ጣቢያ በታዘዘለት ሻምፖና ቅባት ታከመ። ላቦራቶሪ አስመጥተን ስናየው ፓስታው የለም። ነጣ ነጣ ያለው ግን እንዳለ ነበር፤ ፈንገሱ ከሞተም በኋላ የቆዳው ቀለም እስኪመለስ ወራት ይፈጃል። ይህንን ለአቶ ይልማ እንዴት እንደምንነግራቸው ስንጨነቅ ዶክተር ፍሰሐ እኔ እነግራቸዋለሁ አሉ። ሁላችንም አይሆንም አልን። የተናገርኩት እኔ ነኝ፤ ፓስታው አልቋል፣ የቀረው የሳህኑ እድፍ ነው አልኳቸው። አቶ ይልማ በማይክሮስኮፕ ያዩትን አልረሱም፤ ገባቸው። ልጁ እንዲገባ ፈቀዱ። እሳቸው ግን የሚታጠቡበት ሻምፖ ስላልታዘዘላቸው ውጭ ቀሩ።

ስለዚህ የዚያን ዓመት ቡናውን የያዙት ወይዘሮ ዘነበች፣ ትዕግሥትና መምህር አዳነ ናቸው። ወይዘሮዋ በሥልጠናው የሰሙትን አልረሱም። ቡናው ውስጥ ገጀራ አላስገቡም፤ አረሙ በእጅ ተነቀለ። የደረቁትን ዛፎች ልጁ ከነሥራቸው እየነቀለ እዚያው ያቃጥላል። አቶ ይልማ ከሱቁ ሆነው ጭሱን እያዩ ያዝኑ ነበር። ለቀማው ሲያልቅ ሠርጉ ተደረገ። የሙሽራዋ አባት ቡናውን አቋርጠው ስለማይገቡ ዳሱ የተጣለው መንገድ ዳር ነበር። የሚያልፍ መኪና ሁሉ ጡሩምባ ይነፋል፤ አንድ ሹፌር ወርዶ ጨፍሮ፣ በልቶ ሄደ።

በቀጣዩ ዓመት ልናይ ሄድን። አዲስ የደረቀ ዛፍ ፈልገን ያገኘነው አንድ ጥግ ላይ ብቻ ነበር። ዶክተር ፍሰሐ ተደሰቱ፤ እኔም ደስ አለኝ። ከሁላችን የበለጠ የተደሰቱት አቶ ይልማ ናቸው። ቡናውን ያዳነው የእሳቸው መውጣት መሆኑን፣ ጥፋቱ ከልጁ ይልቅ የእሳቸው አንገት እንደነበር ለገበያው ሁሉ ተናግረዋል። በዚህ የተነሣ ገበያ በዋለ ቁጥር ኮሌታቸውን የፈቱ ገበሬዎች አንገታችንን እዩልን እያሉ ላቦራቶሪያችን ይሰለፉ ነበር። ፕላስተር አለቀብን።

እኔ ታግሼ ሱቃቸው በር ላይ ተቀመጥኩና ነገሩን ከመጀመሪያው አስረዳኋቸው። ያዳነው ግንዱ አለመቁሰሉ ነው፤ ከአንገትዎ ጋር ግንኙነት የለውም አልኳቸው። እስክጨርስ አዳመጡኝ።

«ልጄ፣ ገጀራውስ ከማን ጋር ነው የወጣው?» አሉኝ።

መልሱን የሰጡት ባለቤታቸው ናቸው፤ ገጀራውን ለጎረቤት ለእንጨት ሥራ ሰጡባቸውና ባዶ እጃቸውን እንዲገቡ ፈቀዱላቸው። አቶ ይልማ ዛሬም ቡናቸው ውስጥ የሚገቡት አንገታቸውን በሻሽ አስረው ነው። ሻሹ ለቡናው አይጠቅመውም፤ አይጎዳውምም።

ከዚያ ወዲህ በሰጠናቸው ሥልጠናዎች ሁሉ ቅደም ተከተሉን ቀየርን። መጀመሪያ ገጀራውን፣ ነቅሎ ማቃጠሉን፣ ሰው የሚሠራውን ነገር እንናገራለን። ዝምድናው ከለስላሳው በኋላ ይመጣል። ወደዚህ ሥራ የምትገቡ ልጆችም እንዲሁ አድርጉ።